የድሮ ሽጉጥ እጄታ ሲላላ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲጣበቅ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአያት የወረደ ሽጉጥ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። ናጋንት ሊሆን ይችላል፤ ዌብሊ ወይም ጣሊያን ይዞት የመጣው ቦዴዎም ይሆናል። ብረቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሚያስቸግረው የእጄታው እንጨት ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጥይቱን አራግፉ። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እዩ። ናጋንት የሚጎርሰው 7 ነው፤ እንደ ሌሎቹ 6 ቆጥሮ የሚዘናጋ አለ። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ እጄታው ይቆይ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱ ይቀድማል።

እጄታው ይነቃነቃል

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ብሎኑን ያጠብቃል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብሎኑ አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ በክረምት ልክክ ብሎ የተገጠመ እጄታ፣ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲሰነብት ቢላላ አይግረማችሁ። ስለዚህ እንጨቱ በሚኖርበት አገር ጥቂት ሳምንት ይቀመጥ። ልኩን ከዚያ በኋላ ውሰዱ።

ያም ሆኖ ከተነቃነቀ ውስጡን እዩ። ብዙዎቹ ሽጉጦች ከእጄታው ብረት ግርጌ የምትወጣ አጭር ፒን አላቸው። ፒኗ የምትገባበት ቀዳዳ ሰፍቶ ይሆናል። ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ በላመ ሰጋቱራ ለውሳችሁ ቀዳዳውን ሙሉት። ፒኗን፣ ብሎኑንና ዙሪያውን ያለውን ብረት ቫዝሊን ቀቡ፤ አለዚያ እጄታው ዳግመኛ አይነቀልም። ገጥማችሁ ብሎኑን ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩና እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ተሰንጥቋል

ይሄ ያው የማጥበቅ ውጤት ነው። ወይ ደግሞ እንጨቱ ሳይደርቅ ተሠርቷል። ወይራ ለዚህ ሥራ ቆንጆ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ እርጥቡን ከጠረባችሁት ግን ይሰነጠቃል። ለጀማሪ ዋንዛን እመርጣለሁ፤ ይታዘዛል። ጽድ ቶሎ ስለሚፈልጥ ለቀጭን እጄታ አይሆንም። ስንጥቁን ለመጠገን መጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን ጥረጉ። ቀጭን ሱፐር ግሉ አንጠባጥቡና በጎማ ላስቲክ ጠምጥማችሁ አሳድሩት።

አዲሱ እጄታ ከብረቱ ጋር አይገጥምም

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብረቱን በሞረድ እንዳትነኩት። ከኩራዝ ወይም ከሻማ ጥላሸት ውሰዱና ብረቱን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። እንጨቱን ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ከዚያ አንሱት። ጥቁር ነጥብ ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለው እሱ ነው። ያቺን ብቻ በስለታም ቢላ ፋቁ፣ እንደገና ቀቡ፣ እንደገና ተጫኑ። ጥቁሩ እዚህም እዚያም ተበትኖ ሲወጣ እንጨቱ በደንብ ተቀምጧል ማለት ነው። ከውጭ በኩል ጠርዙ ከብረቱ እኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሞረዱን አቁሙ። የቀረችውን ብርጭቆ ወረቀት ይጨርሳታል።

እንጨቱ ጠቁሯል፣ ዘይት ጠጥቷል

የዓመታት የመሣሪያ ዘይት ነው። መፋቅ አይፈታውም፤ ዘይቱ ጠልቆ ገብቷል። የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሱና ለጥፉበት። ሲደርቅ ዱቄቱ ዘይቱን መጦ ቀለሙ ይቀየራል፤ አራግፉና ድገሙት። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ከእሳት የራቀ። እጄታው የተቦረቦረ ጌጥ ካለው ብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ አያስፈልግም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ያ ጌጥ አንዴ ከተላገ አበቃለት።

የተቀባው አይደርቅም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል

ምን ቀባችሁት? የወጥ ዘይት ወይም ቅቤ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው፤ እንደ ቫርኒሽ አይጠጥርም። ትክክለኛው የተልባ ዘይት ነው። ጥሬው ግን በደጋ ብርድ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ማድረቂያ የተጨመረበትን ግዙ። ሌላው ምክንያት ወፍራም መቀባት ነው። የተጣበቀውን አኳራጅ በነካ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ በጣት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ጠርጋችሁ አንሱ፣ ሲደርቅ ድገሙ።

የተልባ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት።