ተደጋጋሚውን ቅዠት ያቆምኩበት መንገድ

ከየካ አባዶ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከበጠሰ ወዲህ፣ ያው አደጋ ሌሊት ሌሊት በቅዠት እየተመላለሰ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። የገላገለኝ ሕልም መሆኑን እያወቁ የማለም ልምምድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕልም በእርግጥ መኖሩን እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኪዝ ሄርን በ1975 እ.ኤ.አ. የሚያልም ሰው አስቀድመው በተስማሙበት የዓይን እንቅስቃሴ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዝግቦ አሳይቷል።

በሕልም ውስጥ ጽሑፍ ደግመው ሲያነቡት ብዙ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ቀን ቀን የታክሲ ታፔላ ባየሁ ቁጥር ልማዱ በሕልሜም እንዲከተለኝ ዞር ብዬ ደግሜ ማንበብን ልማድ አደረግሁ። ከመተኛቴም በፊት የቅዠቱን መጨረሻ ለውጬ በሐሳቤ እደጋግመዋለሁ፤ ለተደጋጋሚ ቅዠት ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነውና ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። አንድ ሌሊት «መገናኛ» የሚለው ታፔላ ደግሜ ሳየው ፊደሉ ተዘበራረቀ፤ ሕልም መሆኑን ስላወቅሁ ለመንቃት ከመታገል ይልቅ እጄን ዘርግቼ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፣ መኪናውም ቆመ።

ቅዠቱ ከቀረ በኋላ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማርኩ ስለሆነ፣ በሕልሜ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ መልቀቅን እለማመዳለሁ። እንዲህ ያለ ሕልም ለማየት ሲሉ ሌሊት በደውል ተነሥቶ መልሶ መተኛትን ግን አልመክርም፤ በማለዳ ታክሲ ለሚሰለፍ ሰው እንቅልፉን ማጉደል ይከብዳል።