«ምስክሩ ሐሰተኛ ነው» ብላችሁ ይግባኝ አትጻፉ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ቁጭ ካልኩ፣ «እስቲ ይቺን እይልኝ» ብሎ የይግባኝ ማመልከቻ የሚሰጠኝ ወጣት ጠበቃ አይጠፋም። ገና ሳልገልጠው መጀመሪያውን አውቀዋለሁ፦ «የዐቃቤ ሕግ ምስክር የሰጠው ቃል ፍጹም ሐሰት ነው።»

እባካችሁ ተዉት። ምስክሩ የተዘረፈው ሰው ራሱ ነው። ደንበኛችሁን ከዚያ በፊት አያውቀውም፣ ቂምም የለበትም። ታዲያ ለምን ይዋሻል? ዳኞቹ ይህን ጠይቀው መልስ ያጡና «አያስቀርብም»፣ ማለትም ይግባኙ ለክርክር አይበቃም፣ ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ። የእናንተ ክርክር መሆን ያለበት ምስክሩ ቅን ነው፣ ግን ተሳስቷል የሚል ነው። እርግጠኛ መሆኑ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እንግሊዝ አገር አዶልፍ ቤክ የሚባል ሰው በ1896 እ.ኤ.አ. በማጭበርበር ሲከሰስ፣ በርካታ ሴቶች «እሱ ነው» ብለው መስክረው ታስሯል። በ1904 እንደገና ተፈረደበት። በኋላ እውነተኛው አጭበርባሪ ተያዘ። እንግሊዞች በ1907 የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያቋቋሙበት አንዱ ምክንያት የዚህ ሰው ጉዳይ ነው። ከሴቶቹ ውስጥ ማን ዋሸ? ተሳሳቱ እንጂ።

አንድ መዝገብ እስካሁን ያናድደኛል። ከመሸ በኋላ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ተነጠቀ። ተበዳዩ በማግስቱ ለፖሊስ የሰጠው ቃል «ረዘም ያለ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ልጅ» ይላል። ስለ መልኩ ምንም የለም። ችሎት ሲቀርብ ግን «ፊቱን በደንብ አይቼዋለሁ» አለ። በመሃል ምን ተፈጠረ? ጣቢያ ተጠርቶ ልጁን ለብቻው፣ በካቴና ታስሮ አይቶታል። ከሌሎች ሰዎች ጋር ተሰልፎ እንዲለየው አልተደረገም። ጣቢያ ያየውን ፊት ፒያሳ ያየው መሰለው፣ በቃ። ጠበቃው ገጽ ሙሉ ምስክሩን ሲሰድብ፣ ለዚህች ነጥብ አንድ መስመር እንኳ አልሰጣትም!

ከዚያ ወዲያ ችሎት ላይ በጣት ማሳየት ምንም አይጨምርም። ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመው አንድ ሰው ነው፤ ሌላ ማንን ያሳይ?

ሌላው ስህተት፣ ሥር ፍርድ ቤት ምስክሩ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተን ያልተነሳን ነገር ይግባኝ ላይ ማንሳት። ይግባኝ ሰሚው የሚያየው መዝገቡን ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ሥር ፍርድ ቤት ላይ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተርንቡል በሚባል ጉዳይ «እሱ ነው» የሚል የዓይን ምስክር እንዴት እንደሚመዘን ያወጣው መመሪያ እኛን አያስገድድም፤ ጥያቄዎቹን ግን ውሰዷቸው። ለምን ያህል ጊዜ አየው? ከምን ያህል ርቀት? መብራቱስ? የከለለው ነገር ነበር? ከዚያ በፊት ያውቀዋል? እስኪለየው ስንት ቀን አለፈ? መጀመሪያ የሰጠው መግለጫ ከሰውየው መልክ ጋር ይገጥማል?

«ምስክሩ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ያውቀዋል» ሲባል ተስፋ አትቁረጡ። የሚያውቁትን ሰው በጨለማ መሳሳትም አለ።

ፍርዱን ደግሞ ከፍርድ ትእዛዙ በፊት ያለውን ክፍል አንብቡ። የዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 ማስረጃው የታመነበት ምክንያት እንዲጻፍ ያዛል። «ምስክሮቹ ተመሳሳይ ቃል ሰጥተዋል» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ጥሩ የቅሬታ ነጥብ አገኛችሁ ማለት ነው። ምስክሮቹ ሁሉም እዚያው ጨለማ ውስጥ ከነበሩ፣ አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። «የመከላከያ ምስክሮች አልታመኑም» የሚለውም ያው ነው። ተከሳሹ «ሌላ ቦታ ነበርኩ» ማለቱ አለመታመኑ ዘራፊው እሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው።

ከይግባኝ በኋላ ሰበር ችሎት ሄዳችሁ «መብራቱ ደብዛዛ ነበር» አትበሉ። እዚያ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው።

የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ግልባጩ በደረሳችሁ በ30 ቀን። ይህን ለማስረዳት እንኳ ትዕግሥት የለኝም።