ከወንዝ እስከ ማይክሮስኮፕ፦ የእጭ ናሙና ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ የባሕር ወለል ፍል ውሃዎችና በዙሪያቸው የሰፈሩ እንስሳት ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች በመርከብ እየወጡ የሚመረምሩት አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ ከቦታው የማይነቃነቅ እንስሳ ከአንዱ ፍል ውሃ ወደ ሌላው እንዴት ይደርሳል? ብዙዎቹ የሚጓዙት ገና እጭ (ከዕንቁላል የወጣ፣ ያላደገ ግልገል) ሳሉ ነው። ስለዚህ እጩን በደህና ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው። ጅማ ላይ ከአዌቱ ወንዝና ከቦዬ ረግረግ እጭ ለምንሰበስበውም ችግሩ ያው ነው።

ምልክት፦ ወንዙ ዳር ሲዋኙ የነበሩት እጮች ቤተ ሙከራ ሲደርሱ ሞተዋል።

መንስኤው ሙቀት ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከ1,700 ሜትር በላይ በሆነው የጅማ ከፍታ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው። እስከ አፉ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ከቆየ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታፈናል። መርከብ ላይ ያሉትም በዚሁ ይጨነቃሉ። የጥልቁ ውሃ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ስለሆነና ናሙናው በሞቃቱ የላይኛው ውሃ አልፎ ስለሚወጣ፣ መረቡ እንደወጣ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ይሮጡበታል።

መፍትሄ፦ አፈ ሰፊ ዕቃ ያዙ፣ ግማሹን ብቻ ሙሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። በረዶ ካላችሁ ዕቃውን በቀጥታ አታስነኩት፤ የእኛ እጮች የባሕር ወለሉን ብርድ አይችሉም።

ምልክት፦ የእጮቹ ቁጥር ጎድሏል፣ ታች የተቆረጠ እግርና ባዶ ቆዳ ይታያል።

አዳኝና ታዳኝ አንድ ላይ ከታችኋል። ትልልቆቹን እዚያው ወንዙ ዳር ለይታችሁ ለብቻ አኑሩ።

ምልክት፦ አልኮል ወይም ፎርማሊን (ሌላው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ የቆየው ናሙና ላሽቋል ወይም ቅርፊቱ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ድካም ሲባክን አይቻለሁ። አረቄም አልኮል ነው ብሎ የሚጠቀም ሰው አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን አቅሙ አይበቃም። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው 70 በመቶ አልኮል ራሱ፣ ውሃው ባልተንጠፈጠፈ ናሙና ላይ ሲጨመር ይቀጥናል። ፎርማሊን ደግሞ እየቆየ አሲድ ያበጃል፣ አሲዱም ቅርፊት ያሟሟል። በፎርማሊን የቆየች የቀንድ አውጣ ግልገል አንድ ቀን በመቆንጠጫ ነካሁ፤ ቅርፊቷ እንደ ረጠበ ወረቀት ታጠፈ።

መፍትሄ፦ ናሙናውን በወንፊት አንጠፍጥፉ፣ ጠንከር ያለ አልኮል ጨምሩ፣ በማግስቱ በአዲስ ቀይሩት። ዲኤንኤ ለማስመርመር ካሰባችሁ 95 በመቶ አልኮል ይሁን፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ይጎዳል። የጥልቅ ባሕር ተመራማሪዎችም ወደ ዲኤንኤ የሚሄዱት እጩ ወላጁን ስለማይመስል ነው። በዓይን ብቻ የማን ልጅ እንደሆነ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ምልክት፦ የጠርሙሱ ጽሑፍ ጠፍቷል።

አልኮል የእስክሪብቶ ቀለም ያጥባል። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱ።

ምልክት፦ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከወንዙ የሚወጣው ቀያይ ትል የመሰለ እጭ ብቻ ነው።

ይህን ናሙና ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደፉት፤ ጥፋቱ የእጃችሁ ላይሆን ይችላል። እነዚህ የማትናከስ ትንኝ እጮች ናቸው። ቅላታቸው እንደ እኛ ደም ከሄሞግሎቢን የመጣ ስለሆነ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ይኖራሉ። ወሩ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚሠሩበት ነው፤ የቡናው ገለባና ፍሬውን የሸፈነው አጣባቂ ሙጫ ከእጣቢው ጋር ወንዝ ሲገባ፣ ባክቴሪያዎች እሱን ሲያብላሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። በስንጥብ (በውሃ ውስጥ መተንፈሻ አካል) የሚተነፍሱት ስሶቹ እጮች ይሞታሉ ወይም ይሸሻሉ። የከተማ ፍሳሽም ይህንኑ ያደርጋል።

ለማረጋገጥ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መረብ፣ እጣቢው ወንዙን ከሚቀላቀልበት በላይና በታች ናሙና ውሰዱ። ከላይ ልዩ ልዩ እጭ ወጥቶ ከታች ቀዩ ብቻ ከሆነ፣ መረባችሁ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ወንዙ ነው።