መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማይነሳ ሰርቪስ

ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ሰርቪሱ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም) ግን የለም። በእጅ ሲያስነሱት ደግሞ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ደጋግሜ የማገኘው ይሄንን ነው። ማሽኑ ለወራት ሳይጠፋ ስለሚቆይ ማንም አያውቀውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው የሚጋለጠው።

መጀመሪያ ሰርቪሶችን በሚቆጣጠረው ትእዛዝ "ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ" ብላችሁ የሰርቪሱን ስም አስከትሉ። "ዲስኤብልድ" ካለ፣ የጫነው ሰው "ስታርት" ብሎ ትቶት ሄዷል። ስታርት የሚያስነሳው ለአሁን ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ቡት (ማሽኑ እንደገና ሲነሳ) "ኢኔብል" ያስፈልጋል፤ "ኢኔብል --ናው" ሁለቱንም ባንዴ ይጨርሳል። አንድ ቢሮ ዳታቤዙ ኢኔብል ተደርጎ ፕሮግራሙ ተረስቶ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ዳታቤዙን ሲወነጅሉ ከርመው፣ ደህናውን ዳታ አጥፍተው የድሮ ባክአፕ ሊመልሱ ሲሉ ነው የደረስኩት። እባካችሁ፣ ሥራ ከማስረከባችሁ በፊት ሪቡት አድርጋችሁ እዩ!

"ስታቲክ" ካለ የሰርቪሱ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ "ኢንስቶል" የሚለው ክፍል የለም። ክፍሉን ጨምሩና "ዋንትድባይ=መልቲ-ዩዘር.ታርጌት" ጻፉበት (ታርጌት ቡቱ የሚደርስበት ደረጃ ነው)፣ ከዚያ ኢኔብል አድርጉ።

"ኢኔብልድ" ብሎም ካልተነሳ "ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ዩ" ብላችሁ ስሙን ጨምሩና ሎጉን (የሰርቪሱን የሥራ መዝገብ) አንብቡ። የተጠየቀውን አድራሻ መያዝ አልቻልኩም የሚል ስህተት ካለ፣ ሰርቪሱ አይፒ አድራሻው ሳይመጣ ቀድሞ ተነስቷል። "አፍተር=ኔትወርክ.ታርጌት" አይፒ እስኪገኝ አይጠብቅም። "ዋንትስ=ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት" እና "አፍተር=ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት" ሁለቱም ይጻፉ፤ አፍተር ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ታርጌቱን ራሱ አይጠራውም። እዚህ ጋ "ስሊፕ 30" (30 ሰከንድ ጠብቅ) የሚከቱ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል፤ ራውተሩ የዘገየ ቀን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ማስተካከያውን በ"ሲስተምሲቲኤል ኢዲት" አስገቡ። ከፓኬጁ ጋር የመጣውን ፋይል አትንኩ፣ አፕዴት ሲመጣ ይደመስስባችኋል።

ዲስኤብል ያደረጋችሁት ተመልሶ ከተነሳ ሶኬቱን (ጥያቄ ሲመጣ ሰርቪሱን የሚቀሰቅሰውን) እዩ፤ ለምሳሌ የፕሪንተሩ ሰርቪስ ካፕስ፣ "ካፕስ.ሶኬት" እና "ካፕስ.ፓዝ" ካልተዘጉ ይመለሳል። "ማስክ" ጭራሽ እንዳይነሳ ይቆልፋል፣ ግን ዲባስን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን) ወይም ሎግኢንዲን (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚይዘውን) ማስክ እንዳታደርጉ፣ መግባትም ሊያቅታችሁ ይችላል።

ቡቱ ላይ 90 ሰከንድ ዲስክ ሲጠብቅ ከቆየ፣ ብዙውን ጊዜ የተነቀለ ዲስክ ኤፍስታብ (ቡት ላይ የሚያያዙ ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ቀርቷል፤ መስመሩን አጥፉ፣ ዲስኩ የሚመለስ ከሆነ ባይገኝም ቡቱ እንዲቀጥል "ኖፌይል" ጨምሩበት።