ሎክ ሎመንድን ከኮኒክ ሂል ላይ ለማየት
በግላስጎው የምትኖሩ ወይም ከተማዋን ለመጎብኘት የምትሄዱ ሁሉ፣ ግማሽ ቀን ካላችሁ በሎክ ሎመንድ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከምትገኘው ከባልማሃ መንደር ተነሥታችሁ 361 ሜትር ከፍታ ወዳለው ኮኒክ ሂል ኮረብታ እንድትወጡ ከልብ እመክራለሁ። ደርሶ መልሱ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከጫካው በኋላ የሚመጣው ደረጃማ አቀበት ጉልበት ስለሚፈትን ግን ቀስ ብሎ መውጣት ይበጃል።

ከላይ ስትደርሱ ፎቶ ለማንሣት ከመቸኮላችሁ በፊት፣ በሐይቁ ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉትን ደሴቶች አስተውሉ። ከኢንችካሎክ እስከ ኢንችመሪን የሚዘልቀው ይህ ሰልፍ የስኮትላንድን ተራራማ ምድር ከዝቅተኛው የሚለየው ታላቅ የመሬት ቅርፊት ስንጥቅ የሚያልፍበት ሲሆን፣ የቆማችሁበት ኮረብታም በዚያው መስመር ላይ ያረፈ ነው። የምድር ታሪክ በዓይን እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት፣ ለመድረስም ይህን ያህል ቀላል የሆነ ስፍራ አላውቅም።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ፣ ከታች ፀሐይ ቢሆንም ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ አይለያችሁ። ቅዳሜና እሑድ የመኪና ማቆሚያው ፈጥኖ ስለሚሞላ ማልዳችሁ ድረሱ።