ፋታ የሚያሳጡን የአስተማሪ ስህተቶች

ጅማ የሚያስተምር ሰው ከዝናብ ጋር መታገሉ አይቀርም። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ መስከረምም ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የፊት ወንበር ተማሪ እንኳ አይሰማም። አዲስ መምህራን ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ይጮኻሉ። ዝናቡ ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ። በቀደም በኮሪደር ሳልፍ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሲጮህ አየሁት። የኋላ ወንበሮቹ የራሳቸውን ወሬ ይዘዋል። ኧረ በፈጣሪ! ዝናብን በጉሮሮ ያሸነፈ የለም። ማይክ የለን፣ ምትክ ጉሮሮ የለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ክፍል አለ።

ዝናቡ ሲመጣ ጥያቄ ቦርድ ላይ ጻፉ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይሥሩ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ በወንበሮቹ መካከል ተዘዋወሩ። ጥያቄዎቹ ግን ከዕለቱ ዕቅድ ጋር ቀድመው ይዘጋጁ፤ ዝናብ ውስጥ የሚፈለሰፍ ጥያቄ አይረባም። ክፍሎቹን የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር ብቅ ቢል እንኳ የሚያየው የሚሠራ ክፍል ነው። እናንተም ማንንም ሳታስፈቅዱ ዐረፋችሁ።

ጠይቆ ራስ መመለስስ? «የሰው ልብ ስንት ክፍል አለው?» ይሉና አንድ እጅ ሳይነሳ «አራት!» ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት በአብዛኛው ከ1 ሰከንድ አይበልጥም። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሱት ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። እሷ ስለ ትምህርቱ ነው ያጠናችው። እኔ የምለው፣ በዚያች 3 ሰከንድ ትከሻችሁን ጣል አድርጉና ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ አውጡ። አየር በዝግታ ሲወጣ የልብ ምትም ረገብ ይላል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስጨንቃል፤ ትለምዱታላችሁ።

በዕረፍት ሰዓት የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት፦ ተዉት።

ወደ ቡናው ስመጣ ጅማዎች እንዳትቆጡኝ። ጠጡ! ችግሩ ጀበናው አጠገብ ተቀምጦ ማርክ መደመር ነው፤ ቡናውም አይጣፍጥ፣ ድምሩም አይገጥም። ሰዓቱንም ልብ በሉ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሯችሁ ነው። ከዚያ «ሥራው እንቅልፍ ነሳኝ» ይባላል።

«ቅዳሜ ጅሬን ወጥቼ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቼ፣ ያኔ እረጋጋለሁ» የሚሉም አሉ። ውጡ፣ ደስ ይላል። ለሰኞ ሦስተኛ ፔሬድ ግን አይደርስላችሁም።

የስልሳ ልጅ ደብተር በባጃጅ ጭኖ ቤት መግባት ሌላው ነው። እራት ሲቀርብ ደብተሩ ጠረጴዛውን ይዟል፣ ልጆቻችሁ ጥግ ይዘዋል። በቀን የአንድ ረድፍ ደብተር ብቻ ሰብስቡና ፍሪ ፔሬድ ላይ እዚያው ጨርሱ። ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ማርክ ማጠቃለያ፣ በሚሠራበት ሳምንት ይህ አይሠራም። ያኔ ከባልደረባ ጋር ሁኑ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይሙላ፤ ከዚያ ተቀያየሩ።