የሞተር ጀልባ መሪ ሲከብድ ከየት ይጀመራል?

ይህ ሞተሩ ከውስጥ ተገጥሞ የመሪ ፓምፑ በቺንጋ ለሚዞር ጀልባ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መሪው ቢከብድ አትደንግጥ፤ ያኔ ፓምፑ አያግዝህም። እየሠራም ከከበደ ቺንጋው መላላቱን፣ የመሪ ዘይቱም መጉደሉን እይ። ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

እኔ «ፓምፕ ቀይር» የሚለኝን ሰው ቶሎ አላምንም፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከመሪው ወደ ኋላ የሚሄደውን ኬብል ነው። ጀልባዋን እሰር፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ከኋላ የኬብሉን ጫፍ ከመሪው ሲሊንደር (በፓምፑ ዘይት ከሚገፋው) ፍታና መሪውን አዙር። አሁንም ከከበደ ኬብሉ ዝጓል ወይም የመሪው ጥርስ ተበላሽቷል። የዛገ ኬብል ይቀየራል እንጂ ዘይት ቢያንቆረቁሩበት አይድንም። ከቀለለ ግን ችግሩ ከሲሊንደሩ ወይም ፕሮፔለሩን የያዘው የኋላ ክፍል ከሚዞርበት መዞሪያ ነው።

ኬብሉ ግራሶ መሙያ ካለው፣ የኬብሉን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ሳታስገባ እንዳትሞላ፤ ግራሶው መውጫ አጥቶ መሪውን ይቆልፈዋል።